ድምፁ የማይጠፋበት ብራውዘር

አዲሳለም ዓምሃ ንዴቷን የምትደብቅ ሰው አይደለችም። ሽሮ ሜዳ፣ ከአስፋልቱ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ኮረኮንች መንገድ ዳር የሚኖሩ ጎረቤቶቿ ሁሉ ይህን ያውቃሉ። የታክሲ ረዳት ሳይጠይቃት ክንዷን አፈፍ አድርጎ ሊያስገባት ሲል፣ "ልቀቀኝ ወንድሜ፣ በሩ በየት በኩል እንደሆነ ብቻ ንገረኝ" ትለዋለች። የባንክ ሠራተኛ እሷን ትቶ አብሯት የቆመውን ሰው "ምን ፈልጋ ነው?" ብሎ ሲጠይቅ፣ ነጩን በትሯን መሬቱ ላይ ቀስ አድርጋ እየመታች፣ "እዚህ ነኝ፤ የፈለግኩትን እኔን ጠይቀኝ" ትላለች። ከኋላዋ "ክፉ ናት" የሚሏት አሉ። ትሰማለች። ሰው ዐይነ ስውር ሲያይ ጆሮም የሌለው እየመሰለው አጠገቡ ቆሞ እንደ ልቡ ያወራል፤ ይህም ሌላው የሚያናድዳት ነገር ነው።

ዐይኗን ያጣችው በልጅነቷ፣ በኩፍኝ ነው። አባቷ ጋሽ ዓምሃ ከጨንቻ መጥተው እዚሁ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠሩ ያረጁ ሰው ናቸው። እናቷ ልጃቸው እቤት ተቀምጣ እንድትቀር አልፈቀዱም፤ ዘመድ ጎረቤቱ "የት ትደርሳለች ብላችሁ ነው" እያለ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቧት። እዚያ ብሬል ተማረች፤ ኮምፒውተርም እዚያ ለመደች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቋንቋ አጥንታ ተመረቀች። እናቷ ምረቃዋን አዩ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

ያስመረራት ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። የጽሑፍ ፈተና ታልፋለች፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲያዩዋት የሰዎቹ ድምፅ ይቀየራል፣ ይለሰልሳል። አንዱ መሥሪያ ቤት የነበረ ሰውዬ፣ "ሥራው እኮ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ እህቴ" አላት።

"እኔም ኮምፒውተር ላይ ነው የምሠራው። ላሳይዎት" ብላ ቦርሳዋን መክፈት ጀመረች።

"አይ፣ አትቸገሪ" አለና ተነስቶ በሩን ከፈተላት። ያቺን "አትቸገሪ" እስከ ዛሬ አልረሳቻትም።

በመጨረሻ ሥራ የሰጣት አንድ የጥናት ድርጅት ነው። ድርጅቱ አጥኚዎችን በየሰፈሩ እየላከ የተራ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ያስቀርጻል፤ የአዲሳለም ሥራ ቅጂውን እየሰማች ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ሁሉም የሚሠራው ኢንተርኔት ላይ፣ ገጾችን በሚከፍተው ብራውዘር በሚባለው ፕሮግራም በኩል፣ በድርጅቱ ድረ ገጽ ነው፤ ቅጂው እዚያ ይከፈታል፣ ጽሑፉም እዚያው ይጻፋል። ላፕቶፗ ተማሪ እያለች በእርዳታ ያገኘችው፣ ያረጀና ሚሞሪው ትንሽ የሆነ ነው። በላዩ ላይ ስክሪን ሪደር ተጭኗል፤ ገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍም ሆነ እሷ የምትነካውን ፊደል ጮክ ብሎ የሚያነብላት ፕሮግራም። እሷ በአጭሩ "ድምፁ" ትለዋለች። አማርኛው ደረቅ ነው፤ "ሠርግ" እና "ሠራዊት" በአንድ ዓይነት ቃና ነው የሚያነበው። ቢሆንም ስክሪኗ እሱ ነው። እሱ ዝም ካለ ፊት ለፊቷ ያለው ነገር ፕላስቲክ ብቻ ነው።

ታናሽ ወንድሟ ኤርሚ የአባቱን ሸማ በሱቅም በስልክም የሚሸጥ ቀልጣፋ ልጅ ነው። ሲራመድ ፈጣን፣ ሲያወራ ፈጣን። መጠበቅ የሚባል ነገር ያመዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ እህቱ ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጦ ትንፋሹን እያሰማ ቆየና፣ "አዲስዬ፣ ይሄ ብራውዘር እኮ የሞተ ነው። አንድ ገጽ ለመክፈት ይሄን ሁሉ ትጠብቂያለሽ?" አላት።

"ለምጄዋለሁ። ተወው።"

"እኔ የምጠቀምበትን ልጫንልሽ? ብን ይላል በቃ።"

"ኤርሚ፣ ተወው አልኩህ።"

በማግስቱ እሷ ለመታወቂያ ጉዳይ ወደ ክፍለ ከተማ ወጣች። ስትመለስ ኤርሚ ፈገግታው በድምፁ ውስጥ እየተሰማ በር ላይ ጠበቃት። የራሱን ብራውዘር ጭኖ፣ የድሮውን አጥፍቶ ነበር።

አዲሳለም ጮኸችበት። ከዚያ ተቀምጣ ሞከረችው፤ በርግጥም ፈጣን ነበር። ቁልፉን ተጭና እጇን ከማንሳቷ በፊት ድምፁ የገጹን ርዕስ ማንበብ ይጀምራል። ፈጣን መሆኑን አልካደችም። "ሁለተኛ ግን ሳትጠይቀኝ እንዳትነካ" አለችው። እሱም ሳቀ። እሷ የምሯን ነበር።

ሳምንት ያህል ደህና ሄደ። ከዚያ አንድ ረዘም ያለ ቅጂ ደረሳት፤ በዚያው ቀን ተጠናቅቆ መላክ ያለበት። ተናጋሪዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእንጦጦ ጫካ እንጨት እየለቀሙ በጀርባቸው ተሸክመው ሲያወርዱ የኖሩ አሮጊት ናቸው። አዲሳለም ከጠዋት ጀምራ ስትጽፍ ዋለች። አነጋገራቸውን ወደደችው፤ አያጋንኑም፣ አያለቅሱም፣ የሆነውን ይናገራሉ። ከሰዓት በኋላ ላይ ሴትዮዋ አንድ የጫካ ጠባቂ ቁልቁለቱ ላይ ስላገኛቸው ቀን መናገር ጀመሩ። ጠባቂው ዱላ ይዟል፤ እሳቸው እንጨታቸውን መሬት አወረዱ፤ ቀና ብለው አዩትና፣ "እንዲህ አልኩት" አሉ።

ቅጂው እዚያ ላይ ተንተባተበ። "እን፣ እን፣ እን" አለና ቆመ። አዲሳለም ቁልፍ ተጫነች። ድምፁ የአንድ ቃል ግማሽ ተናግሮ ዝም አለ። ሌላ ቁልፍ ተጫነች፤ ምንም። የምታውቃቸውን ቁልፎች ሁሉ አንድ በአንድ ሞከረች። ላፕቶፑ ከታች ግሎ እጇን ያቃጥላል፣ ማራገቢያው ያጓራል፣ ከዚያ ውጭ የሚናገራት ነገር የለም። የጻፈችው ይኑር አይኑር አታውቅም። ብትዘጋው ይጥፋ አይጥፋ አታውቅም።

አባቷ በጎን ባለው ክፍል ሸማ እየሠሩ ነበር። "አባዬ፣ እስኪ አንዴ ይምጡና ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚታይ ይንገሩኝ" አለቻቸው።

ጋሽ ዓምሃ መጥተው ጎንበስ ብለው አዩ። "ነጭ ነው ልጄ። መሀሉ ላይ የሚሽከረከር ነገር አለ።"

"ጽሑፍ የለም?"

"እኔ የማየው የሚሽከረከር ነገር ነው" አሉ፣ እንደማዘን ብለው።

ኤርሚን በስልክ ጠራችው። ከሱቅ እየሮጠ መጣ፤ ገና ከመቀመጡ "ታብ አብዝተሽ ነው፣ ለዚህ ነው የጨነቀው" አላት።

"አንድ ገጽ ነው የከፈትኩት።"

ኤርሚ ማውሱን ያዘ። የማውሱ ጠቅ ጠቅ ተሰማት፤ ከዚያ እሱም ጠፋ።

"ምንድን ነው? ኤርሚ፣ ምን ታያለህ?"

"እ... ማለቴ፣ የኔ አካውንት ገብቷል መሰለኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኤርሚ ብራውዘሩን የጫነ ዕለት በራሱ አካውንት ገብቶ፣ ፍጥነቱን ለመሞከር የራሱን ገጾች ደርድሮ ከፍቷል፤ የኳስ ዜና፣ የሱቁን ገጽ፣ ቪዲዮ፣ ያልሆነውን ሁሉ። ከዚያ እንደ መዝጋት ወደ ታች አውርዶ ትቷቸዋል። ብራውዘሩ ደግሞ በተከፈተ ቁጥር ካቆመበት እንዲቀጥል ተደርጓል። ስለዚህ አዲሳለም አንድ ገጽ ከፍታ ስትሠራ፣ ከኋላዋ እሷ የማታያቸው የወንድሟ ገጾች ሁሉ አብረው ተከፍተው ያን ትንሽ ሚሞሪ ሲበሉ ሰነበቱ። ቀኑን ሙሉ የተጫወተ ቅጂ ሲጨመርበት ሞላ። ሚሞሪው ሲሞላ ድምፁ መተንፈሻ አጣ።

ኤርሚ ላፕቶፑን አጥፍቶ አስነሳው። ገጹ ሲመለስ ጠዋት የጻፈችው ነበር፤ ከምሳ በኋላ የጻፈችው ግን አልተቀመጠም።

"ግማሹ አለ እኮ" አላት።

"ውጣልኝ" አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ኤርሚም ከጩኸቷ ይልቅ ያን ስለሚፈራ ወጣ።

የድርጅቱን ሥራ የምታከፋፍለው ሳምሪ የምትባል ወጣት ናት። አዲሳለም ደወለችላትና የሆነውን ነግራ እስከ ነገ እንድትጠብቃት ጠየቀቻት።

"ችግር የለውም የኔ ቆንጆ" አለች ሳምሪ። "ይሄኛውን ለሌላ ሰው አስተላልፈዋለሁ። ላንቺ ከአሁን በኋላ አጠር አጠር ያሉትን እፈልግልሻለሁ፤ እንዳትጨናነቂ ብዬ ነው።"

አዲሳለም ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው፣ መልሳ አስጠጋችው። "ሳምሪ፣ ያልጨረስኩት ስለማላይ አይደለም። ብራውዘሩ ሚሞሪውን ስለበላው ነው። ሌላ ሰው ላፕቶፑ ተበላሽቶ ቢዘገይ አጠር ያለ ሥራ ትፈልጊለታለሽ?"

"እኔ እኮ ለክፋት አይደለም፣ አዲስ..."

"አውቃለሁ። ማንም ለክፋት አያደርገውም። እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው።"

ቢሆንም ቅጂው ለሌላ ሰው ሄደ። ሴትዮዋ ጠባቂውን ቀና ብለው አይተው ምን እንዳሉት አዲሳለም እስከ ዛሬ አልሰማችም። ያ ደግሞ ሥራውን ከማጣቷ በላይ ውስጧን በላት።

ማታ እራት ላይ ጋሽ ዓምሃ ልጆቻቸውን ሊያስታርቁ ሞከሩ። "ወንድምሽ አስቦልሽ ነው። ልጅ ነው፤ እለፊው።"

"አባዬ፣ እርስዎ የዘረጉትን ድር አንድ ሰው አስቤልዎት ነው ብሎ እርስዎ በሌሉበት ቆርጦ ሌላ ክር ቢዘረጋልዎት ያልፉታል?"

ጋሽ ዓምሃ፣ "እሱማ ሌላ ነው" አሉ።

"ምኑ ነው ሌላ?"

ጋሽ ዓምሃ እንጀራቸውን መቁረስ ቀጠሉ፤ ኤርሚም ሳህኑ ላይ አቀረቀረ። አዲሳለም ተነስታ ክፍሏ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ሌሊሳ ጋ ደወለች። ሌሊሳ የአዳሪ ትምህርት ቤት ጓደኛዋ ነው፤ እሱም ዐይነ ስውር፤ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራል። የሆነውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። እሱም ሳያቋርጥ ሰምቶ ሲያበቃ ሳቀ።

"አትሳቅ፣ ሌሊሳ።"

"በኔም ደርሶ ነው እኮ። የኔን የቀየረችው ባለቤቴ ናት። ስሚኝ፣ ሚሞሪ ማለት ሚኒባስ ታክሲ ነው። ያንቺ ብራውዘር ለሦስት ሰው የሚሆን ወንበር ላይ ተዘርፍጦ የተቀመጠ ሰውዬ ነው፤ ድምፁ ደግሞ መጨረሻ የሚሳፈር ምስኪን ነው። አንቺ የሚያስፈልግሽ ቶሎ የሚሳፈረው ሳይሆን ጠበብ ብሎ የሚቀመጠው ነው። ግን የኔን ቃል አትመኚ። ላፕቶፕሽ የኔ አይደለም፤ ራስሽ ሞክሪው።"

የሌሊሳ ነገር ደስ የሚላት እዚህ ላይ ነው። ይህን ተጠቀሚ ብሎ አያዛትም።

መጀመሪያ የድሮ ብራውዘሯን መልሳ ጫነች። እዚህ ላይ ነው ንዴቷ የባሰው፤ ብራውዘሩን የሚሠሩት ሰዎች ትተውት መታደስ ካቆመ ቆይቷል፤ የድርጅቱም ድረ ገጽ በዚያው ሰሞን ታድሶ ስለነበር አሮጌ ነው ብሎ አላስገባውም። ኤርሚ ባያጠፋው እንኳ ሳይውል ሳያድር መቀየሯ አይቀርም ነበር ማለት ነው። ወንድሟ በአንድ ነገር ልክ ሆኖ መገኘቱ ብቻዋን አስቆዘማት፣ አስረገማትም።

ከዚያ ሦስቱን ጎን ለጎን ለመሞከር ተነሳች፤ የኤርሚን፣ ሌሊሳ የሚጠቀምበትን አንድ ትንሽ ብራውዘርና ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የመጣውን፣ ሰው ሁሉ የሚቀልድበትን። ለእያንዳንዱ ላፕቶፑን አጥፍታ አስነሳች። አንድ ዓይነት ቅጂ ከፈተች፣ እኩል ጊዜ ጻፈችበት። ሚሞሪውን ማን ምን ያህል እንደያዘ የሚያሳየውን ታስክ ማኔጀር የሚባለውን መስኮት ከፍታ ቁጥሩን ድምፁ እንዲያነብላት አደረገች፤ ከመጀመሯ በፊት፣ መሀል ላይ፣ ገጹን ከዘጋች በኋላ። ከኤርሚው ብራውዘር ላይ የእሱን አካውንትና ገጾች ሁሉ አስቀድማ አጽድታለች፤ ሰበብ እንዲያገኝ አልፈለገችም።

የኤርሚው አሁንም ከሁሉም ቀድሞ ተከፈተ። ግን ስትጽፍ የሚይዘው ሚሞሪ ይጨምራል፣ ይጨምራል፤ ገጹን ስትዘጋው እንኳ የያዘውን ሁሉ አይለቅም። ትንሹ ብራውዘር በሚሞሪ በኩል የሚያስደስት ነበር፤ ያለም አይመስልም። ነገር ግን የድርጅቱ ገጽ ላይ ያሉትን ቁልፎች ስም አይነግራትም፤ ድምፁ ሁሉንም "አዝራር፣ አዝራር" እያለ ያልፋቸዋል። ማቆሚያውን ስትፈልግ ሌላ ነካችና ቅጂው ከመጀመሪያው ጀመረ። ደገመችው፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ አልጋው ላይ ወረወረችው። ገጹን የሠሩት ሰዎች ቁልፉ ላይ ስሙን መጻፍ አቅቷቸው ነው ብላ ብቻዋን ተሳደበች። ደጅ ወጥታ ንፋስ ተቀብላ ተመለሰች።

ከላፕቶፑ ጋር የመጣው ሲከፈት ያናድዳል። ሻሿን ፈታ መልሳ እስክታስር ድረስ አያነብም። ከተከፈተ በኋላ ግን ቁልፎቹን በስማቸው ይጠራል፤ የሚይዘው ሚሞሪም ትንሽ ጨምሮ እዚያው ይቆማል። ቅጂው እየተጫወተ፣ እሷ እየጻፈች፣ ድምፁ አንድ ጊዜም አልተንተባተበም። ስትዘጋው የያዘውን ይለቃል። እሱን መረጠች። ሌሎቹን በገዛ እጇ አጠፋቻቸው። ከዚያ ላፕቶፑ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ አደረገች።

ኤርሚ ያን ያወቀው ከሱቅ መጥቶ እንደ ልማዱ ሊከፍተው ሲሞክር ነው።

"ዘጋሽብኝ?" አላት። ከልቡ አዝኖ ነበር።

"አዎ።"

"በዚያኛው ነው የምትሠሪው? አዲስዬ፣ እሱ እኮ ቀርፋፋ ነው። ሰው ይስቅብሻል።"

"ቀርፋፋ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለክቼዋለሁ። የመጀመሪያዋን ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሳልፈራ እሠራለሁ። ያንተ ፈጣን ነው፣ እሺ፤ እኔ ግን መቼ ዝም እንደሚልብኝ ሳላውቅ ነበር የምሠራው። ስክሪኑ ሲጨልም አንተ ታየዋለህ። እኔ ዝም ሲል የጠፋው ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም።"

"ለአንቺ ብዬ ነው እኮ።"

"ለእኔ ብለህ ከሆነ እኔን ጠይቀኝ፣ ኤርሚ። ዐይኔ ነው የጠፋው። ምርጫዬ አልጠፋም።"

ኤርሚ በሩን ገፍቶ ወጣ። ለብዙ ቀን አላዋራትም፤ እሷም አላዋራችውም። ጋሽ ዓምሃ በመሀል "እንጀራ አቀብላት፣ ጨው አቀብለው" ሲሉ ሰነበቱ።

ከሳምሪ ጋር የነበረው ነገር በአንድ ስልክ አላለቀም። አጫጭር ቅጂዎች ሲላኩላት አዲሳለም ሠርታ ትመልሳለች፤ ከእያንዳንዱም ጋር "ረጅም ሥራ እጠብቃለሁ" የምትል አንዲት መስመር ትልካለች። ሳምሪ አንዴ ደውላ፣ "አዲስ፣ ተቀይመሽኛል?" አለቻት።

"አዎ፣ ተቀይሜሻለሁ። ረጅም ሥራ ስትሰጪኝ ይለቀኛል።"

ሳምሪ ሳቀች፤ አዲሳለም አልሳቀችም። ከጊዜ በኋላ ግን ረጅም ቅጂ ተላከላት፤ የአንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ታሪክ፣ ጎማ እየለጠፉ ስድስት ልጅ ያሳደጉ። ጠዋት ጀምራ ስትጽፍ ዋለች። ከሰዓት በኋላ ላይ ሳታስበው ትከሻዋ ተወጥሮ፣ ድምፁ የሚቆምበትን ስትጠብቅ ራሷን አገኘችው። ድምፁ አልቆመም። ጨርሳ ላከችው። ሳምሪ "ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ" ብላ ጻፈች፤ "የኔ ቆንጆ" የሚለው አልነበረበትም። አዲሳለም ይህን በማጣቷ ደስ አላት።

ከዚያ በኋላ በነበረ አንድ እሑድ፣ ኤርሚ ስልኩ ወድቆበት ተሰብሮ ነበር። የአዲሳለም ክፍል በር ላይ መጥቶ ቆመ። ሳያንኳኳ የሚገባ ልጅ፣ ያን ዕለት አንኳኳ።

"አዲስዬ፣ ደንበኛ ትዕዛዝ ልኮልኝ ነበር። ላፕቶፕሽን ትንሽ ልጠቀም?"

"ለምን ያህል?"

"አንድ ገጽ ብቻ። አይቼ እመልስለታለሁ።"

የይለፍ ቃሉን ራሷ ጻፈች፣ ብራውዘሩንም ራሷ ከፈተች፣ ከዚያ ወንበሩን ለቀቀችለት። ኤርሚ ገጹ እስኪከፈት ሲጠብቅ ጣቶቹ ጠረጴዛውን ሲመቱ ይሰማታል። ትንፋሹንም ሳበ። ምንም ግን አልተናገረም። ሲጨርስ "ይመችሽ" ብሎ ተነስቶ ሄደ።

አዲሳለም ተቀምጣ ታስክ ማኔጀሩን ከፈተች። የሚያናድዳትን ነገር እየጠበቀች ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስነበበች። ኤርሚ ገጹን ዘግቶ ነው የሄደው። ብራውዘሩን ከፍታ ስታስነብብም ከአካውንቱ ወጥቷል። አልጠራችውም፤ አላመሰገነችውምም። ጆሮ ማዳመጫዋን አጠለቀችና ሥራዋን ቀጠለች።